ያልተሰቀለው በር

ከግቢያችን ጥግ፣ የሰርቪሱን ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ የብረት በር አለ። ወርዱ ዘጠና ሳንቲ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። በ2003 ዓ.ም. መካኒሳ አካባቢ ከነበረ ብየዳ ቤት አሠርቼ በጋሪ ያስመጣሁት ነው። ማጠፊያው እስከ ዛሬ አልዛገም። ቁልፉም ከነሦስት መክፈቻው በላስቲክ እንደተጠቀለለ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። በሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ተከፍቶ ተዘግቶ አያውቅም። ባለቤቴ በጋ ሲገባ አግድም ታስተኛውና በርበሬ ታሰጣበታለች።

ላፍቶ ያለው ቤታችን የማኅበር ቤት ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ ሠርቶት በ1981 ገባንበት። ግቢው 250 ካሬ ነው፤ ዋናው ቤት ብሎኬት፣ ከኋላ ደግሞ አጥሩን ታክኮ አራት ክፍል የጭቃ ሰርቪስ። ሰርቪሱን አባቴ ኋላ ላይ በ1985 ግድም የቀጠለው ነው፤ ማንንም ሳያስፈቅድ። አንዱ ክፍል ማድ ቤት፣ አንዱ የሠራተኛ፣ አንዱ የከሰልና የአሮጌ ዕቃ ነበር። አራተኛው ውሎ አድሮ የተከራይ ሆነ። ከሰሉ ደግሞ ወደ ማድ ቤት ተገፋና ሦስተኛውም ተከራየ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰዎች በሌሊት የሚያቆሙትን ቤት «ጨረቃ ቤት» እንላለን፤ የእኛው ጨረቃ ቤት ካርታ ባለው ግቢ ውስጥ፣ ግብር በሚከፍል ሰው አጥር ተከልሎ የቆመ ነው። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ያንን ሰርቪስ አፍርሼ በቦታው ሕጋዊ የሆነ፣ የራሱ በር፣ የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው የሚከራይ ቤት ልሠራ ፈቃድ አውጥቼ ነበር። ፈቃዱ እጄ ላይ ነበር። ማኅተሙ ቀለሙ ሳይደርቅ አይቼዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ወረቀት ይዤ የለቀቅሁ ሰው ነኝ።

ነገሩ ከእናቴ ይጀምራል። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ቄራ አካባቢ በአንድ ረድፍ የሠራቸው ቤቶች ነበሩት። አንዱ ውስጥ ይኖራል፣ የቀሩትን ያከራያል። በሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ከዚያ ያለፈው ትርፍ። ከመቶ ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተላለፈ። አያቴ አንዱን ምረጥ ተባለ፤ የተቀመጠበትን መረጠ። ትናንት የቤት ኪራይ ይከፍሉት የነበሩ ጎረቤቶች በማግሥቱ ለቀበሌ መክፈል ጀመሩ፤ ከአያቴ ጋር ግን ሰላምታቸውን አላቋረጡም፤ እናቴን ይበልጥ ያንገበገባት ይኸኛው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሰው አከራየሁ ማለትን ፈርቶ ክፍል ያስገባውን ሰው «ደባል» እያለ ይጠራው ነበር። እናቴም እስክትሞት ድረስ ተከራይ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። «እዚያ ኋላ ያለችው ልጅ» ነው የምትለው። ቤት ሲበዛ ዓይን ይበዛል ትለኝ ነበር። በቤታችን ሕጋዊ ማድረግ ማለት ማሳየት ነው፤ ማሳየት ደግሞ መነጠቅ።

በ2003 ዓ.ም. የታናሽ እህቴ ባል የሥራ ጓደኛ የሆነ አንድ ወጣት ኢንጂነር እሑድ ምሳ ላይ ቤታችን መጣ። ቡና እስኪፈላ ከኋላ ዞረ ዞረና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አራት የጭቃ ክፍል አይደለም፤ አንድ ቤት ነው፤ ያልተሠራ ቤት» አለኝ። ወዲያው ሜትር አውጥቶ ለካ። አርባ ስምንት ካሬ። በሳምንቱ ፕላን ይዞ መጣ፦ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቆምበት ማድ ቤት፣ ሻወር ያለው ሽንት ቤት። ከአጥሩ ጎን፣ ቀጭኗ መተላለፊያ በምትወጣበት በኩል፣ ዘጠና ሳንቲ ወርድ ያላት በር ሥሏል፤ ተከራዩ በእኛ ሳሎን መስኮት ሥር ሳያልፍ በራሱ በር እንዲወጣና እንዲገባ። እዚያች በር ላይ ነው ልቤ የቀረው። ሰው ገና መሠረት ሳያስቆፍር በር ያሠራል ወይ? እኔ አሠራሁ። በበነጋታው ነው ብየዳ ቤት የሄድኩት።

ፈቃዱን ለማውጣት ያሰብኩትን ያህል አልተጉላላሁም፤ ይህን ለመናገር ያሳፍረኛል፣ ምክንያቱም የማሳብብበት ሰው አጣሁ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕንፃዎችን በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ከፍሏቸው ነበር። እንደኛ ያለ ፎቅ አልባ፣ የምሰሶው ርቀት ከሰባት ሜትር የማያልፍ ቤት ያኔ ምድብ ሀ ነበር፤ ከሁሉም ቀላሉ። ነባር ሕንፃ ማሻሻል፣ ማስፋፋት፣ ማፍረስ፣ አገልግሎት መለወጥ ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል ይል ነበር አዋጁ፤ ፈቃድ ደግሞ የሚከለከል ሳይሆን የሚጠየቅ ነገር ነው። የካርታ ኮፒ፣ የዘመኑን ግብር የከፈልኩበት ደረሰኝ፣ የፕላን ስምምነት፣ ከዚያ ሥዕሉ። ማኅተም ያደረገልኝ ሰውዬ ሊሸኘኝ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ እንግዲህ ቶሎ ጀምሩት፤ ይኼ ወረቀት ካልተጀመረበት ይሞታል» አለኝ። የተናገረበትን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

አልጀመርኩትም።

መጀመሪያ ሲሚንቶ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሲሚንቶ እንደ መድኃኒት በወረፋ የሚገዛ ነገር ነበር፤ ደላላ እጅ ላይ ሲደርስማ ዋጋው አይነካም። የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲከፈት ይረክሳል ተባለ። እጠብቃለሁ አልኩ። ደርባ በ2004 ተመረቀ፣ ሲሚንቶም እውነትም ቀለለ፣ ከረጢቱ በየሱቁ ደጃፍ ተደረደረ። እኔ ግን ያኔ ክረምቱ እስኪወጣ እያልኩ ነበር። ክረምቱ ወጣ። ከዚያ ዕቁብ ደረሰኝ፤ 80 ሺህ ብር። ኢንጂነሩ ለጠቅላላው ሥራ የገመተው 160 ሺህ ነበርና ግማሹ እጄ ገባ ማለት ነው፤ የቀረውን ባንክ ካለኝና ከእህቴ ባል እሞላው ነበር። በዚያ ሰሞን ግን አገሩ ሁሉ አክሲዮን ነበር። ቢሮ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ ወሬው አክሲዮን፣ ለቅሶ ቤት አክሲዮን። ዕቁቡን ይዤ ሄጄ፣ ገና አንድ ጡብ ያላስቀመጠ ድርጅት ውስጥ ከተትኩት። ስሙን አልጠራም፤ እሱም ከዚያ ወዲህ የኔን ስም ጠርቶ አያውቅም። የምስክር ወረቀቱ ወርቃማ ጠርዝ አለው። ከፈቃዱ ጋር ባንድ ፋይል አስቀምጫቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ለሰው የምናገረው ነው። እውነተኛው ምክንያት አንድ ማታ በካልኩሌተር የደረስኩበት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥር ሳይሸተኝ አያልፍም። ቤቱ በሕጋዊ መንገድ ከተሠራ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ይጨምራል። ኪራዩም ይታወቃል፣ ከታወቀ ደግሞ ያኔ እንደ ገቢው ከአሥር በመቶ ተነስቶ እስከ ሠላሳ አምስት የሚወጣ ግብር ነበረበት። ሁለቱ የጭቃ ክፍሎች ግን ያለ ውል፣ ያለ ደረሰኝ፣ በወር መጨረሻ በእጅ በእጅ 900 ብር እያስገቡልኝ ነበር። ታዲያ የማይታይ 900 አይሻልም ከሚታይ 1,800? ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ እንዲያውም። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። እናቴ የፈራችው መነጠቅን ነበር፤ እኔን ማንም ሊነጥቀኝ የመጣ አልነበረም። ፍርሃቱ የእሷ ነው፣ ስስቱ ግን የራሴ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልምጣ፣ የሚያቃጥለኝ እሱ ስለሆነ። ከግራችን ጡረተኛ መምህርት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። በ2004 መጨረሻ አንድ ጠዋት አጥር ላይ ሆነው «ያ ሥዕልህን እስቲ አሳየኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ግቢያቸው እንደኛው 250 ካሬ፣ ሰርቪሳቸውም እንደኛው ከኋላ ነው። ያንኑ ኢንጂነር ጠርተው ፕላኑን በመስተዋት እንደሚታይ ገለበጡት፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ። ፈቃድ አወጡ፣ ጀመሩ፣ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ጨረሱ። እየሠሩ ሳሉ ብሎኬት ጫኝ መኪና ማዞሪያ ሲያጣ በኔ በር በኩል አልፎ ነው ያራገፈው። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። መተላለፊያው ላይ ያለችው የእሳቸው በር ደወል አላት፤ ማታ ተከራያቸው ከሥራ ሲመለስ ስትጮኽ መኝታዬ ድረስ ትሰማኛለች። የዚያ ቤት ኪራይ ሁለት የልጅ ልጆች አስተምሯል። የእትዬ ነገር ደግሞ ግብሩንም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሄደው ይከፍላሉ፤ ተመልሰው ሲመጡ «ዛሬስ አቃጠሉኝ» ይላሉ፣ ከዚያ ቡና ያፈላሉ። በቃ። መክፈል ማለት ይኸው ነበር።

የኔ ሰርቪስ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ አንዲት ነርስ ከልጇ ጋር ተቀምጣ ነበር። ሁለቱንም ክፍል አንድ ላይ ነው የያዘችው። ኮርኒሱን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍና በላዩ ነጭ ጨርቅ ወጥራበት ነበር። ግድግዳው በክረምት ሲያልበው ጋዜጣ ትለጥፋለች፤ ሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጇ እኛ ሳሎን ታድራለች። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ መብራቱ ከኛ ቆጣሪ የተቀጠለ፤ ምጣድ ከተጣደ የእሷ ይጠፋል። ዘጠኝ ዓመት። ኪራይ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም።

በመጋቢት 24 ቀን 2016 የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን፣ ቁጥር 1320ን፣ አጸደቀ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል፣ አከራይ በፈለገው ጊዜ አይጨምር የሚል ነው። ብዙ አከራይ ተንጫጫ። እትዬ ተከራያቸውን ይዘው ወረዳ ሄደው በአንድ ጠዋት አስመዝግበው ተመለሱ። ነርሷም ቅዳሜ ማታ በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ እኛስ መቼ እንሂድ?» አለችኝ። ሳምንት እንሂድ አልኳት። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ ይዤ፣ በፕላን ላይ የሌለ ቤት አከራይቻለሁ ብዬ ልፈርም? ደግሞስ የዘጠኙ ዓመት ግብር ቢጠየቅ? ጥቂት ይቆይ አልኳት። ካርታው ባንክ ነው አልኳት፤ ካርታው ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ውጪ ብያት አላውቅም፤ እንዲያ ብል ሕጉ ከእሷ ጋር እንደሚቆም አውቃለሁ። አላስወጣኋትም፤ አሰለቸኋት። በነሐሴ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት አገኘች። ዕቃዋን ስትጭን ጨርቁን ከኮርኒሱ ሳትነቅል ተወችው። «ለሚቀጥለው ሰው ይሁን» አለች፤ ያለ ምንም ክፋት።

የሚቀጥለው ሰው አልመጣም። ሰው ያልኖረበት ጭቃ ቤት ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ ቶሎ ይወድቃል። በ2017 ክረምት የጀርባው ግድግዳ ጎበጠ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ወደ ውስጥ ተናደ። ያኔ ነው ፋይሉን አውጥቼ አቧራውን የነፋሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ፈቃድ ክፍል የተቀበለኝ ልጅ ዕድሜው ከፈቃዴ ብዙም አይበልጥም። ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየውና «አባባ፣ ይኼን ከየት አመጡት?» አለኝ፤ እያሾፈ አይደለም፣ ገርሞት ነው። ከዚያ በትሕትና አስረዳኝ። ከሳር ቤት በካርል አደባባይ፣ በብሥራተ ገብርኤል፣ በአቦ፣ በላፍቶ አድርጎ እስከ ፉሪ የሚወርደው መንገድ የኮሪደር ልማት ከገባበት ወዲህ የሰፈሩ መልክ ተለውጧል፤ የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል፣ የግንቡ ቀለም ሳይቀር አንድ ሆኗል። በእኛ መስመር እንግዲህ ወደ ላይ ነው እንጂ ምድር ላይ ብቻ አርባ ስምንት ካሬ ብሎ ነገር የለም አለኝ። ፎቅ ከሆነ ምድብ ሀ አይደለም፤ የአፈር ምርመራ አለው፣ ስትራክቸራል አለው፣ ደረጃ ያለው ተቋራጭ አለው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ የብረቱን፣ የሽንት ቤት ዕቃውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ዋጋ ጠይቀህ መመለስ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። ያ ወጣት ኢንጂነር አሁን ሸብቷል። ስልክ ደውዬ ያንን የ160 ሺህ ብር ቤት ዛሬ በስንት ትሠራልኛለህ ስለው ዝም አለ። «ጋሼ፣ ይቅር» አለኝ።

ልጄ ባለፈው ዓመት አገባ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አንድ ስቱዲዮ ተከራይቷል፤ አምስተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን። በወር የሚከፍለው ከደመወዙ ግማሽ ይበልጣል። እዚህ ግቢ ውስጥ የተወለደ ልጅ ነው። አንድ እሑድ መጥቶ ፍርስራሹን እያየ «እዚህ ጋ ነበር አይደል በሩ የሚወጣው?» አለኝ፤ በእጁ መተላለፊያውን እያመለከተ። ፕላኑን ያን ጊዜ በልጅነቱ እንዳየው ረስቼ ነበር። እሱ አልረሳም።

የእህቴ ባል ከዓመታት በፊት ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመኖሪያ ቤት እጥረቱ ሲከፋ፣ በፈረንጆቹ 2017 እና 2020 ሥራ ላይ በዋሉ ሕጎች ሰው ጋራዡን ወይም የጓሮ ቤቱን ሕጋዊ የሚከራይ ቤት ማድረግ ቀለለው። እሱም ጋራዡን እንዲያ አደረገ። በቪዲዮ እያዞረ አሳየኝ፤ ማድ ቤቱን፣ ሻወሩን፣ ለብቻዋ የሆነችውን በር። «ያ ያንተው ፕላን እኮ ነው፣ ትዝ አለኝ» አለ እየሳቀ። ከዚያ የእኔው ምን ደረሰ ብሎ ጠየቀኝ። ኔትወርክ አስቸገረ ብዬ ዘጋሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ቆራሌው በሰፈሩ አለፈ። የተናደውን ግድግዳ በአጥሩ ክፍተት አይቶ ይሆናል፣ አንኳኳ። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ያለህን አምጣ አለ። ቆርቆሮውን መዘንኩለት። ከዚያ ዓይኑ በሩ ላይ አረፈ። ጠጋ ብሎ ማጠፊያውን በጣቱ አወዛወዘው፤ ያለ ድምፅ ዞረ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አዲስ ነው» አለኝ። «የየትኛው ቤት ነው?»

የየትኛውም አይደለም አልኩት። በኪሎ ዋጋ ነገረኝ። ትንሽ አሰብኩና ዛሬ አይሆንም አልኩት። በርበሬው ገና አልደረቀም ነበር።